መዶሻውና የአቶ ደምሴ ተረከዝ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ባልደረቦቼ በሆስፒታሉ አዳራሽ ለስላሳና ዳቦ አቅርበው ሸኙኝ። ዕድሜው ከበኩር ልጄ የማይበልጠው ሥራ አስኪያጅ ተነሥቶ ረጅም ንግግር አደረገ። «በጋሽ ጌታሁን እጅ ያለፈ ሁሉ ቆሞ ሄዷል» አለ። ተጨበጨበ። እኔ አንገቴን ደፋሁ፤ ሰው ትሕትና መሰለው። ትሕትና አልነበረም። በእጄ አልፎ በደንብ ቆሞ ያልሄደ ሰው አውቃለሁ። ስሙን፣ መንደሩን፣ የቀኝ ተረከዙን ሳይቀር አውቃለሁ።

ይህን የምጽፈው ስለዚያ ሰው ነው። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የቤቱ አይደለም። መንዝ ደጋ ላይ ያለ ሆስፒታል ነው ካልሁ ይበቃል።

ሥራ የጀመርሁት ራቤል ጤና ጣቢያ ነው፣ በረዳት ነርስነት። ቁስል አጥባለሁ፣ መርፌ እወጋለሁ፣ ካርድ እጽፋለሁ። ደመወዙ ከወር ወር አያደርስም ነበር፤ የሁላችንም ያው ስለነበር ማንም ለማንም አያማርርም። ብርዳም አገር ነው። ሰው ወገቤን፣ ጉልበቴን፣ ተረከዜን እያለ ይመጣል፤ እኛ ሁሉንም በአንድ ዓይነት ክኒን እንመልሳለን። በዓመቱ ያው ሰው ያንኑ እግሩን እየጎተተ ይመጣል። እኔ ቶሎ የምናደድ ሰው ነኝ፣ ባለቤቴ ትመስክር። በዚህም ተናድጄ ፊዚዮቴራፒ ለመማር አመለከትሁ። በእጅ፣ በእንቅስቃሴና በመሣሪያ ማከም ነው ብዬ ለአባቴ ባስረዳቸው «ወጌሻነት ለመማር ነው አዲስ አበባ የምትሄደው? እዚሁ ጎረቤት አለልህ አይደል?» አሉኝ። ተመርቄ ከመጣሁም በኋላ ያገሬ ሰው «የመንግሥት ወጌሻ» ነበር የሚለኝ። መጀመሪያ ከፋኝ፤ በኋላ ለመድሁት።

የተመደብሁት ስሙን ያልጠራሁት ሆስፒታል ውስጥ፣ ከሲስተር አስካለ ሥር ነው። የቀየት ሰው ናቸው፤ ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ግን ግቢውን የሚሞላ። የመጀመሪያው ቀን አዲስ ጋውን ለብሼ ስገባ ከላይ እስከ ታች አዩኝና «እጅህን አምጣ» አሉኝ። ዘረጋሁላቸው። ዳበሱት።

«ይኼ እጅ በረዶ ነው። ሂድ እከሰሉ ዘንድ፣ ሞቀህ ና። ብርድ እጅ የነካው ጡንቻ ይኮማተራል። የተኮማተረ ጡንቻ ደግሞ እውነቱን አይነግርህም።»

ክፍላችን ውስጥ ሁልጊዜ አንድ የከሰል ምድጃ ነበረች። ሲስተር አስካለ ከእያንዳንዱ ሕመምተኛ በፊት እጃቸውን ያሞቁባታል። ከዚያ የሰውየውን ጫማ ያስወልቁና እግሩን ትተው መጀመሪያ ጫማውን ያገላብጣሉ። ሶሉ በየት በኩል እንዳለቀ አይተው፣ ሰውየው አፉን ሳይከፍት በየትኛው እግሩ እንደሚያነክስ ይነግሩታል። ሰው ጠንቋይ ናቸው ብሎ ይፈራቸው ነበር። እሳቸውም አላስተባበሉም፤ መፈራቱን ሳይወዱት አልቀሩም።

አንድ ነገራቸው ግን አልገባኝም ነበር። የታመመውን ቦታ ሲጫኑ «ያምሃል?» ብለው አይጠይቁም። እኛ ትምህርት ቤት የተማርነው ደግሞ ሕመምን ከዜሮ እስከ አስር በቁጥር አስነግሮ ካርድ ላይ መጻፍ ነው። እኔ እጠይቃለሁ። አንዲት የገብስ ነጋዴ «ከአስር ስንት ነው እናቴ?» ብላት «ልጄ፣ ሕመም በቁና ይሰፈራል እንዴ? ደስ ያለህን ጻፍ» ብላኛለች። ሲስተር አስካለ ከወዲያ ሆነው ሳቁብኝ። ሴትየዋ ከወጣች በኋላ ለምን እንደማይጠይቁ ጠየቅኋቸው።

«አንተ የት አገር ነው የተወለድኸው?» አሉኝ። «እናቱን ቀብሮ ሲመለስ እንደምን ነህ ቢሉት ተመስገን የሚል ሰው፣ ውርጭ ገብሱን አንድዶበት ተመስገን የሚል ሰው፣ ላንተ ነው አመመኝ የሚለው? አፉን ተወው። የታመመውን እግር ስትጫን፣ ደህነኛውን እግር እይ። ጣቶቹ ከታጠፉ፣ እጅህን አንሣ።»

እውነታቸውን ነበር። እኛ ዘንድ «እንዴት ነህ» ጥያቄ አይደለም፤ ሰላምታ ነው። መልሱም ለጠያቂው ሳይሆን ለእግዜር ነው። ወንድ ልጅ በሐኪም ፊት ዋይ ካለ ደግሞ ወሬው እሱን ቀድሞት መንደር ይገባል። ይህን እኔ የመንዙ ተወላጅ ከማንም በላይ ማወቅ ይገባኝ ነበር። አውቅም ነበር። ማወቅና መሥራት ግን ለየቅል ናቸው።

በዚያን ዘመን ለቆየ የተረከዝ ጅማት ሕመም የነበረን መድኃኒት የክፍላችን መግቢያ ደረጃ ነው። ከባት ወርዶ ተረከዝ ላይ የሚጣበቀው ወፍራሙ ጅማት ሲጎዳ፣ ጠዋት ከመኝታ ሲነሡ ግድግዳ ያስይዛል። ሲስተር አስካለ ሕመምተኛውን ደረጃው ጫፍ ላይ በእግሩ ጣቶች ያቆሙታል፤ ከዚያ ተረከዙን ወደ ታች፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ እንዲያወርድ ያደርጋሉ። ጠዋትና ማታ፣ ሦስት ወር። ሲጠነክር ጀርባው ላይ እህል ያስይዙታል። ሦስት ወር ሲባል ሰው ያጉረመርማል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይሉታል፤ «ያንተ ተረከዝ ከእንቁላል አይብስም።» እየሳቀ ይሞክረዋል። ብዙዎቹ ይድኑ ነበር። አንዳንዱ ግን ዓመት ሙሉ ቢወጣ ቢወርድ አይለቀውም። ለእነዚያ የምናደርገው አልነበረንም።

ሲስተር አስካለ ጡረታ ከወጡ በኋላ ነው ማሽኑ የመጣው። ሾክዌቭ ይባላል። አንድ በጎ አድራጊ ድርጅት ነው የሰጠን። መካከለኛ ሻንጣ የምታክል ሣጥን ናት፤ ከእሷ በቱቦ የተያያዘ ሽጉጥ መሳይ እጀታ አለ። በውስጡ የታመቀ አየር አንዲት ብረት ያስወነጭፋል፤ የብረቷ ምት ሞገድ ሆኖ በቆዳው አልፎ ጅማቱ ድረስ ይገባል። ጅማት ደሙ ትንሽ ነው፤ ተጎድቶ ሲቆይ መዳኑን እርግፍ አድርጎ ይተወዋል። ሞገዱ እንደገና ይቀሰቅሰዋል፣ ሰውነት ወደዚያ እንዲመለስና እንዲጠግን ያደርገዋል፤ ነገሩ ይኸው ነው። ቆዳው ላይ ጄል ትቀባለህ፣ እጀታውን ትደግናለህ፣ ጠክ ጠክ ጠክ ይላል። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለጥቂት ሳምንታት። ሕመምተኞቹ ወዲያው «መዶሻው» አሉት፤ እኛም ተከተልናቸው።

አዲስ አበባ ሄጄ ሥልጠና ወሰድሁ። ያሠለጠነን ወጣት ደጋግሞ የነገረን አንድ ነገር ነበር። «ኃይሉን የሚወስንላችሁ ሕመምተኛው ነው። ከዝቅተኛው ጀምሩ፣ እንዴት ነው እያላችሁ ጨምሩ፣ በቃኝ ሲል ቁሙ።» ለአዲስ አበባ ሰው ጥሩ ትምህርት ነው። እዚያው ተነሥቼ «እኛ አገር በቃኝ የሚል የለም» ማለት ነበረብኝ። ደብተሬ ላይ ጻፍሁና መጣሁ።

መዶሻው ሠራ። ይህን አልክድም፤ ዛሬም ይሠራል። ከመርሐቤቴ የመጣች አንዲት ሴት፣ ከክርኗ ሕመም የተነሣ ጀሪካን ካነሣች ዓመት አልፏት ነበር። በአምስተኛው ሳምንት ሙሉ ጀሪካን አንሥታ ክፍሌ ድረስ ይዛልኝ መጣች፣ ላሳይህ ብላ። ወሬው ወጣ። ከራቤልም ከዘመሮም ሰው በፈረስ፣ በአይሱዙ ተጭኖ ይመጣ ጀመር። የጊዜው ኃላፊ ሪፖርት የሚወድ ሰው ነበር፤ በየወሩ የዳኑትን ቁጥር ይጠይቀኛል፣ እኔም እሰጠዋለሁ። ስሜ ተጠራ። ደስ አለኝ። ደረጃው ላይ ሰው ማቆሙን እየተውሁት መጣሁ፤ የሚሠሩትን በወረቀት ሰጥቼ አሰናብታለሁ። የከሰል ምድጃዋም ጭሷ ለማሽኑ አይስማማም ተብላ ወጣች።

ሲስተር አስካለ አንድ ቀን ሊጠይቁኝ መጥተው ጥግ ላይ ተቀምጠው አንድ ሰው ሳክም አዩኝ። ስጨርስ ይመርቁኛል ብዬ ስጠብቅ «መልካም ነገር ነው» አሉ። ከዚያ ትንሽ ቆይተው «ግን አንተ የት ነው የምታየው?» አሉኝ። የማየው ቁጥሩን ነበር፣ የማሽኑን መስታወት። እሳቸው ያረጁ መስሎኝ ሳቅ አልሁ።

አቶ ደምሴ የመጡት ከዚህ በኋላ ነው።

ዘመሮ አካባቢ ነው ቤታቸው። ባና፣ የበግ ጸጉር ብርድ ልብስ፣ ይሠራሉ፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺ የበጉን ጸጉር ይፈትላሉ፣ እሳቸው ይሸምናሉ። ሽመናው በእጅ ብቻ አይደለም። ከወለሉ በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ እግር ገብቶ፣ ከሥር ያሉትን ሁለት መርገጫዎች ግራና ቀኝ እያፈራረቀ ሲረግጥ ይውላል። ማሳቸው ጥቂት ናት፤ ቤቱ የሚኖረው በዚያ ጉድጓድ ነው። ቀኝ እግራቸው ከታመመ ዓመት አልፎት ነበር። ጅማቱ መካከሉ ላይ እንደ ገመድ ቋጠሮ አብጧል።

«ዶክተር፣» አሉኝ፤ ሁሉንም ባለጋውን ዶክተር ነው የሚሉት፤ «እኔ ሌላ ሙያ የለኝም። በዚህ እግር ነው የምበላው። የሚያድነኝ ከሆነ የፈለጉትን ያድርጉት።»

ባታቸውን ጨምቄ ማየት ነበረብኝ። በአንድ እግራቸው ጣት አቁሜ፣ ጅማቱን ከላይ እስከ ታች በጣቴ ተከትዬ፣ የተበጠሰ ክር ካለ መፈለግ ነበረብኝ። በከፊል የተቀደደ ጅማት ላይ መዶሻው አይደገንም። ሲስተር አስካለ ይህን ሳያደርጉ ማንንም አልነኩም። እኔ ውጭ የተሰለፈውን ሰው አየሁ፣ እብጠቱን አየሁ፣ ጄሉን ቀባሁ።

መጀመሪያ ቀን በዝቅተኛው ጀመርሁ። «እንዴት ነው አቶ ደምሴ?» «ተመስገን።» ጨመርሁ። «አሁንስ?» «ተመስገን፣ ምንም አይል።» ሁለተኛው ሳምንት ከዚያ ጀምሬ ጨመርሁ። ሦስተኛው ሳምንት፣ ተረከዝ ላይ ተጠቅሜበት በማላውቀው ኃይል ሠራሁ። በሆዳቸው ተኝተዋል፣ ፊታቸውን አላየውም። «ይችሉታል?» አልኋቸው። «እርስዎ ያውቃሉ» አሉኝ።

እኔ የማውቅ መስሏቸው ነበር።

በሁለተኛው ቀን በቃሬዛ መጡ። ከሽመናው ጉድጓድ ሲወጡ በቀኝ እግራቸው ጣት ተጭነው ሲነሡ፣ ከኋላቸው ሰው በዱላ የመታቸው መስሏቸው ዞሩ። ማንም አልነበረም። ወይዘሮ የሺ ድምፁን ከደጅ ሰምተውታል፤ ደረቅ እንጨት ሲሰበር ይመስላል አሉኝ። አስተኝቻቸው ባታቸውን ጨመቅሁት። ጅማቱ ደህና ቢሆን እግራቸው ወደ ታች ይሳብ ነበር። ዝም አለ። ደግሜ ጨመቅሁ። ዝም።

ኃላፊው መጣ። «ምን ሆነው ነው አባቴ?» አላቸው።

አቶ ደምሴ ቀና ብለው እኔን አዩኝ። ከዚያ ወደ እሱ ዞረው «ስወጣ አዳለጠኝ» አሉ።

እኔ ካርዱን ይዤ ከግርጌያቸው ቆሜ ነበር። «አዳልጧቸው» ብዬ ጻፍሁ፤ በራሴ እጅ።

ወደ ትልቅ ሆስፒታል ላክናቸው። ኦፕራሲዮን አልፈልግም ብለው በጀሶ ተመለሱ። ጅማቱ ገጠመ፤ ግን ረዝሞ፣ ላልቶ ነው የገጠመው። ተረከዛቸውን ከመሬት አንሥተው መግፋት አይችሉም። መርገጫ የሚረገጠው ደግሞ በዚያው ግፊት ነው። ደረጃው ላይ ላቆማቸው ብዬ መልእክት ላክሁባቸው፤ ሁለት ጊዜ መጡ፣ ከዚያ ቀሩ። እኔም ቀሩልኝ ብዬ ሳላመሰግን አልቀረሁም። ይህን መጻፍ ያሳፍራል፤ ግን እንዲያ ነው የተሰማኝ።

አንድ ባልደረባዬ ጅማቱ ድሮም ሊበጠስ የደረሰ ነበር፣ መዶሻውን ብቻ አትክሰስ አለኝ። እውነት ሊሆን ይችላል። ሳልመረምር ደገንሁበት፤ ከዚያ በኋላ የጅማቱ ዕድሜ እኔን ነፃ አያወጣኝም። ከዚያ ቀን ወዲህ ባቱን ሳልጨምቅ የማንንም ተረከዝ አላከምሁም። ምድጃዋንም መለስኋት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ያፈሰስሁት ግን የራሴን አልነበረም። ሲስተር አስካለ ይህን ሳይሰሙ አረፉ። ልነግራቸው ሁለት ጊዜ እስከ በራቸው ሄጄ ስለ ሌላ ነገር አውርቼ ተመልሻለሁ።

ከሽኝቱ በኋላ እቤት መቀመጥ አልቻልሁም። በሦስተኛው ሳምንት ወደ ዘመሮ ተሳፈርሁ።

አቶ ደምሴ ከባለቤታቸው አጠገብ ተቀምጠው ጸጉር ሲፈትሉ አገኘኋቸው። እኛ አገር ፈትል የሴት ሥራ ነው፤ ስገባ እንዝርቱን ከጋቢያቸው ሥር ሊሸሽጉት ሞከሩ፣ ከዚያ ተውት። የሽመናው ጉድጓድ ላይ ሳንቃ ተጋድሞበት ድንች ተከምሯል። «ዶክተር! በምን እግርዎ መጡ!» ብለው ሊነሡ ሲሉ ትከሻቸውን ይዤ አስቀመጥኋቸው። ወይዘሮ የሺ ቆሎና ጠላ አቀረቡ። ስለ ዝናብ፣ ስለ ገብሱ ተነጋገርን። ከዚያ ይቅርታ ልጠይቅ እንደ መጣሁ ነገርኋቸው። ሳልመረምራቸው እንዳከምሁ፣ ኃይሉን እንዳበዛሁት።

«እሱን ድሮ ትቼዋለሁ» አሉ። «ሳያውቁ ነው። እኔም ያምመኛል አላልሁዎት። የሚያድን ነገር ያማል ብዬ ቻልሁት። ሰው ሳያውቅ ባጠፋው ስሙ ይጠፋል? ለዚህ ነው አገሩን ሁሉ አዳለጠኝ ያልሁት።»

እዚህ ላይ ማቆም እችል ነበር። ይቅርታውን ይዤ መሄድ እችል ነበር። ግን የመጣሁት ለማንም ያልነገርሁትን ልናገር ነው።

«አውቅ ነበር» አልኋቸው። «ሁለተኛው ሳምንት እርስዎ ከወጡ በኋላ አንሶላውን ሳነሣ የጥርስ ምልክት ነበረበት። ነክሰውት ነበር፤ እርጥብ ነው። አየሁት። ሰውየው ተሠቃይቷል ብዬ አሰብሁ፤ አሰብሁና ሌላ አንሶላ አነጠፍሁ። በሳምንቱ ጨመርሁ። ከዳኑት ቁጥር ውስጥ እንዲገቡልኝ ቸኩዬ ነበር።»

የወይዘሮ የሺ እንዝርት ቆመ።

አቶ ደምሴ መሬት መሬት እያዩ ቀኝ እግራቸውን ወደ ራሳቸው ሰበሰቡ።

«ትቼዋለሁ ብያለሁ፤ ቃሌን አላጥፍም» አሉ በመጨረሻ። «ግን ይኼንን ባይነግሩኝ ይሻለኝ ነበር። እኔ አላወቀም እያልሁ ነበር የምተኛው።»

ተነሣሁ። እሳቸውም ተነሡ። እንዲቀሩ ለመንኋቸው፣ እባክዎ አልሁ፤ «እንግዳማ ሳይሸኝ አይሄድም» ብለው ዱላቸውን አነሡ። እስከ መኪናው መንገድ ድረስ ከጎኔ ሄዱ። ቀስ ልልላቸው ስሞክር እርምጃቸውን ያፈጥናሉ። መንገዱ ላይ ስንደርስ «በሰላም ይግቡ» ብለውኝ ተመለሱ።

አብረውኝ ሲመጡ አንድ ጊዜም አልቆሙም ነበር። መኪናው እስኪመጣ ቆሜ ከኋላ አየኋቸው። ቤታቸው እስኪደርሱ አራት ጊዜ ቆሙ።